«ፊቷ አበጠ» የሚል ስልክ ከአገር ቤት ሲመጣ

ብር ከመላካችሁ በፊት የሲቲ ስካኑን ሲዲ አስልኩ። እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የእህቴ ልጅ ጉንጭ አበጠ፣ «ዕጢ ነው» ተባለ፤ በዚያው ሌሊት ላክሁ። ልጅቷ ሁለት ጤነኛ ጥርስ ተነቅላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ እብጠቱ ግን እዚያው ነበር።

በኋላ ሲጣራ ሕመሙ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ሆነ፤ ጤነኛው አጥንት በጅማት መሰል ሥጋና ባልበሰለ አጥንት ይተካል። ካንሰር አይደለም፣ ከወላጅም አይወረስም፤ ጽንሱ ሲያድግ በአንድ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። እናቷ «እርጉዝ ሳለሁ ምን በልቼ ይሆን?» እያለች ስትብሰለሰል ነበር። እንዲህ የምትል እናት ካለች ቀድማችሁ ይህን ንገሯት።

የሲቲውን ፎቶ በቴሌግራም አትቀበሉ። ለኔ የመጣው ፊልሙ መስኮት ላይ ተለጥፎ የተነሳ ነበር፤ በልጅቷ ግንባር ላይ የመጋረጃው አበባ ይታያል። ሲዲውን ከነጽሑፍ ሪፖርቱ ጠይቁ። በሲቲ ላይ የታመመው አጥንት እንደ ደበዘዘ መስታወት ስለሚመስል አንዳንዴ ናሙና መውሰድም አያስፈልግም። ከተወሰደ ግን ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ሲቲውንም ይይ፤ ኦሲፋይንግ ፋይብሮማ የሚባለው የአጥንት ዕጢ በማይክሮስኮፕ በጣም ይመስለዋል፣ ሕክምናው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

አዲስ አበባ ከሆኑ በጥቁር አንበሳ ወይም በየካቲት 12 የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ያሳዩ። «ለጊዜው እንከታተል» ቢባሉ ቸል ተባልን አይበሉ። እድገቱ ከጉርምስና በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ በልጅነት የተላገ አጥንት ተመልሶ ሊያብጥ ይችላል። የአይን እይታ ከቀነሰ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። የአይን ነርቭ መተላለፊያው ጠቦ አይን ደህና ከሆነ ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ መተላለፊያውን በቀዶ ሕክምና መክፈት አይመከርም። የጨረር ሕክምና የሚል ሰው ከመጣ እምቢ በሉ፤ ወደ ካንሰር የመለወጥ አደጋን ይጨምራል። ለአጥንቱ ሥቃይ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ከታዘዘ መጀመሪያ ጥርስ ይታይ። ቡና መልክ ያለው የቆዳ ምልክት ወይም ያለ ዕድሜ የመጣ የወር አበባ ካለ የሆርሞን ምርመራም ይጨመር።

አሁን እኔ የምልከው ለዓመታዊ የአይን ምርመራ ነው። የአጎቷ ልጅ በየክረምቱ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከፊትና ከጎን ፎቶ ያነሳታል። በዚያው ግድግዳ፣ በዚያው ርቀት።