የመድን ኩባንያን ስጋት ከአስተዳደሩ መረዳት፦ በመደበኛ መድንና በታካፉል

የመድን ኩባንያን ዓመታዊ ሪፖርት ስንከፍት ብዙዎቻችን ቀድመን የምንፈልገው ትርፉን ነው። እኔ ግን ስለ ቦርዱና ስለ ኮሚቴዎቹ ከሚያወሳው ክፍል እንድትጀምሩ እመክራለሁ። አረቦን ዛሬ ይሰበሰባል፤ ካሳው ግን ከዓመታት በኋላ ሊከፈል ይችላል። ለዚያ ካሳ ምን ያህል መጠባበቂያ መያዝ እንዳለበት የሚገምቱት የኩባንያው ሰዎች ናቸው፤ ግምቱ ሲያንስ ደግሞ የዓመቱ ትርፍ በዚያው ልክ ይበዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ይህን ግምት በነፃነት የሚሞግት ሰው በኩባንያው ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚከተል የአውስትራሊያው ኤችአይኤች ኢንሹራንስ አሳይቷል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 ሲወድቅ ጉድለቱ እስከ 5.3 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የንጉሣዊ ኮሚሽን በ2003 ባወጣው ሪፖርት ዋነኛ ምክንያት ያለው ለወደፊት ካሳዎች በቂ መጠባበቂያ አለመያዙን ነው። ቦርዱ ዋና ሥራ አስኪያጁን አጥብቆ አይጠይቅም ነበር፤ በ1998 ኤፍኤአይ የተባለውን ኩባንያ ለመግዛት የወሰነውም በቂ ምርመራ ሳያደርግ ነው። ከቦርዱ አባላት መካከል ሦስቱ የውጭ ኦዲተሩ የአርተር አንደርሰን የቀድሞ ሸሪኮች ነበሩ።

ስለዚህ የመደበኛ መድን ኩባንያን ስትመዝኑ፣ የኦዲት ኮሚቴው አባላት ከኦዲተሩም ሆነ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ምን ግንኙነት እንዳላቸው ተመልከቱ። ቀጥላችሁ፣ በቀደሙት ዓመታት ለካሳ የተያዘውን መጠባበቂያ በኋላ በእርግጥ ከተከፈለው ካሳ ጋር አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ በየዓመቱ ወደ ጉድለት የሚያዘነብል ከሆነ ቦርዱ የአክቹዋሪውን፣ ማለትም የወደፊቱን ካሳ በስሌት የሚገምተውን ባለሙያ፣ ሥራ እየመረመረ መሆኑን መጠራጠር ይገባል። የሥራ አስኪያጁ ጉርሻ በተሰበሰበው አረቦን መጠን ብቻ የሚሰላ ከሆነም ርካሽ ዋጋና ከባድ አደጋ አብረው ሊከማቹ ይችላሉ።

በታካፉል፣ ማለትም በሸሪዓ መሠረት በሚሠራው የመረዳጃ መድን፣ ነገሩ ይበልጥ ረቂቅ ነው። ተሳታፊዎች መዋጮአቸውን በታበሩዕ፣ ማለትም በልገሳ መልክ፣ ለጋራ ፈንድ ይሰጣሉ፤ ፈንዱን የሚያስተዳድረው ኦፕሬተር ግን የባለአክሲዮኖች ነው፤ ቦርዱንም በተለምዶ የሚመርጡት እነርሱ እንጂ ተሳታፊዎቹ አይደሉም። አደጋውን የሚሸከሙት ሰዎች በውሳኔው ላይ ድምፅ የላቸውም ማለት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ አሳሳቢው ይህ ነው። ኦፕሬተሩ ለማስተዳደር ሥራው የሚወስደው የወካላ ክፍያ ከመዋጮው በመቶኛ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ኦፕሬተሩ ደንበኛን ሳይመርጥ ቢያበዛም የእርሱ ገቢ ያድጋል፤ የካሳው ጫና ግን የሚያርፈው በፈንዱ ላይ ነው። ፈንዱ ሲጎድል፣ በማሌዥያ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የእስላማዊ ፋይናንስ ሕግ እንደሚያዘው፣ ኦፕሬተሩ ከባለአክሲዮኖች ገንዘብ ቀርድ ሀሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው ብድር፣ ወይም ሌላ የገንዘብ ድጋፍ መስጠት አለበት። ቀርድ ሲሰጥ ብድሩ የሚመለሰው ግን በኋላ ከሚገኘው የፈንዱ ተራፊ ስለሆነ አዲሱ ተሳታፊ የቀድሞውን ጉድለት አብሮ ይሸከማል። በመሆኑም ያልተመለሰ ቀርድ ስንት እንደሆነ፣ የወካላው መቶኛ ስንት እንደሆነና ተራፊው ለማን እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ጠይቁ።

አሠራሩ ከሸሪዓ ጋር መጣጣሙን የሚከታተለው የሸሪዓ አማካሪ ቦርድም በሁለት ነገር ይመዘናል፤ እነርሱም ነፃነቱና ጊዜው ናቸው። በብዙ ኩባንያዎች የሚያገለግል ሊቅ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል፤ የማሌዥያ ማዕከላዊ ባንክ አንድ የሸሪዓ ኮሚቴ አባል በዚያው ዘርፍ በሌላ ተቋም እንዳያገለግል ይከለክላል። የቦርዱ ውሳኔ ኦፕሬተሩን የሚያስገድድ ነው ወይስ ምክር ብቻ? ከሸሪዓ ጋር የማይጣጣም ገቢ ሲገኝስ ወዴት ይሄዳል? ሪፖርቱ ስለ እነዚህ ዝም ካለ ጥያቄውን ለኩባንያው አቅርቡ።

መደበኛ መድን የሚሸጥ ኩባንያ ታካፉልን በመስኮት፣ ማለትም በራሱ ውስጥ ባለ የተለየ ክፍል፣ ሲያቀርብ፣ በእኛም አገር ይህ አሠራር ስላለ፣ የተሳታፊዎቹ ፈንድ በተለየ ሂሳብ መያዙንና በተለየ ሁኔታ ኦዲት መደረጉን አረጋግጡ፤ አንዱ ቦርድ ሁለቱንም ሲመራ፣ የጋራ የሥራ ማስኬጃ ወጪ በየትኛው ቀመር ለሁለቱ እንደሚከፋፈልም መጠየቅ አለበት።