ባለሁለት ምት የጀልባ ሞተር በአነስተኛ ገንዘብ ሲታደስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጣና፣ በዝዋይ ወይም በጫሞ ጀልባዎች ጀርባ ላይ የሚታሰረው፣ ዘይት የተደባለቀበት ቤንዚን የሚጠጣው ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ለእድሳት የሚመች ነው። ቫልቭ የለው፣ ካምሻፍት የለው። ገንዘብ የሚጨርሰው የመጀመሪያው እድሳት ሳይሆን፣ ተሠራ የተባለው ሞተር በወሩ ተመልሶ ሲነክስ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ሲቆም) ነው።

ሳይለኩ መፍታት፣ ሳይፈቱ መግዛት

ሞተሩ ሳይፈታ ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን የሚያፍንበትን ግፊት፣ ይለኩ። ሁለቱንም ካንዴላ ያውጡ፣ የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ከዚያ የግፊት መለኪያውን በየተራ በካንዴላው ቀዳዳ ሰክተው ቀስቱ መውጣት እስኪያቆም ማስነሻ ገመዱን አራት አምስት ጊዜ ይሳቡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ቁጥሩ ማኑዋሉ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ቢያንስ አይደንግጡ። ወሳኙ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ውስጥ የተጎዳ ነገር አለ።

ዕቃውን ዱባይ ባለ ዘመድ በኩል የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ «ያማሃ 40» ብለው አይዘዙ። በዚያ ስም ፒስተናቸው የማይገጣጠም በርካታ ሞተሮች አሉ። ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚያስረው ማቀፊያ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ የሞዴሉ ኮድና ተከታታይ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው።

የገደለውን ሳያውቁ ማደስ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አዲስ ፒስተን የአሮጌውን በሽታ አያድንም። የወጣውን ፒስተን ሳያጥቡ ብርሃን ላይ ይዘው ያገላብጡት። አናቱ ቀልጦ ከተበሳ ነዳጁ ቀጥኗል (ከአየሩ ጋር ሲተያይ አንሷል) ወይም ማቀጣጠያው ከጊዜው ቀድሟል፤ ካርቡራተሩን፣ የነዳጅ ፖምፓውንና የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ይፈትሹ። ዙሪያውን በአራት ቦታ ከተላጠ ሞተሩ ግሏል፣ ሳይሞቅ ተረግጧል፣ ወይም የፒስተኑ ክፍተት ጠቧል። የላይኛው ሲሊንደር ብቻ ከተጎዳ ከቮላኖው (ከሞተሩ አናት ላይ ከሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ሥር ያለውን ፓራዮሊ፣ ማለትም የዘንጉን ዙሪያ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ይጠርጥሩ። የደረቀ ፓራዮሊ አየር ያስገባል፤ አየር ሲበዛ ነዳጁ ይሳሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ፓራዮሊ ከፒስተን ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ የላዩንም የታቹንም ይቀይሩ።

ሲሊንደሩን አስፍቶ ፒስተን መፈለግ

ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። በ0.25 ወይም በ0.50 ሚ.ሜ የሚተልቀው ፒስተን መጀመሪያ እጅዎ ይግባ፣ ቶርኖ ቤትም ይዘውት ይሂዱ። ባለሙያው ፒስተኑን ከታችኛው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ስፒኖቶው (ፒስተኑን አቋርጦ የሚያልፈው ዘንግ) በሌለበት አቅጣጫ በማይክሮሜትር ለክቶ፣ ማኑዋሉ የሚለውን ክፍተት ደምሮ ያስፋው። ክፍተቱ ከአንድ ፀጉር ውፍረት የማይርቅ ስለሆነ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም። የተጎዳው አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሆነና ማኑዋሉ ከፈቀደ፣ እሱን ብቻ ማስፋት ግማሹን ወጪ ያድናል።

የመኪና ብሎክ ብቻ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ የማያጋጥመው ነገር አለ። የባለሁለት ምት ሲሊንደር ግድግዳ ነዳጅና ጭስ የሚያልፉባቸው መስኮቶች አሉት፤ ሲሰፋ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሳላል። ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) በየምልልሱ ጠርዙን ሲነካ ይሰበራል። ጣትዎን ወደ ውስጥ ከተው ቀስ ብለው ያሳልፉ፤ የሚይዝ ነገር ካለ ጠርዙ በስስ ሞረድ ይለስልስ፣ ሳይለሰልስም አይረከቡ።

ከዚያ በቤንዚን አጥቦ መግጠም ልማድ ሆኗል። ቤንዚን ግን ሲሊንደሩ የሰፋበትን የመፍጫ ድንጋይ ዱቄት ከብረቱ ላይ አያነሳም። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ነጭ ጨርቅ ሲያብሱበት ግራጫ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይድገሙት። እንደደረቀ ወዲያው ዘይት ይቀቡት፣ አለዚያ ይዝጋል።

ሲገጥሙ የሚታለፉ ትንንሽ ነገሮች

ስፒኖቶውን የሚይዙት የሽቦ ቀለበቶች አንዴ ከወጡ አዲስ ይገቡላቸው፤ ሞተሩ እየሠራ የወለቀ ቀለበት አዲሱን ሲሊንደር ይቦጭቀዋል። የፋሻው አፍ በፒስተኑ ቦይ ውስጥ ካለችው ፒን ጋር ካልተገናኘ፣ ሲሊንደሩ ሲገፋበት ይሰበራል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) በመስታወት ላይ በተዘረጋ 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ ያልነካው ቦታ ካለ ጠሟል። በጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል በሚገባው ማሸጊያ) ፋንታ ሲሊኮን መቀባት ርካሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ተጨምቆ የሚወጣው ሲሊኮን የውሃ መንገዱን ይደፍናል።

የውሃ ፖምፓውን ለኋላ ማቆየት

እምቦጭ ጣናን ከወረረ ወዲህ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያው በሥርና በቅጠል ይዘጋል፤ የደለሉ አሸዋም በፖምፓው ውስጥ የሚዞረውን ባለክንፍ ጎማ ይበላል። ጎማው ሲገባ ዘንጉ ከላይ ሲያዩት ወደ ቀኝ እየዞረ ክንፎቹ ወደ ኋላ ይተኙ። ያለ ውሃ «ለሙከራ ብቻ» ብሎ ማስነሳት አዲሱን ጎማ በሰከንዶች ያቃጥላል፤ በርሜል ውሃ ውስጥ ነክረው ያስነሱት። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ እየሠራ ካርቦን ያጠራቅማል።

የመጀመሪያውን 10 ሰዓት መዝለል

በተለምዶ በ50 ለ1 የሚሠራ ሞተር ለመጀመሪያው 10 ሰዓት 25 ለ1 ይጠጣ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 800 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ 400። ዘይቱ ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ይሁን፤ የሞተር ሳይክል ዘይት በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር አልተሠራም። የመጀመሪያውን ሰዓት በግማሽ ጋዝ፣ ሁለተኛውን በሦስት አራተኛ ይንዱ፤ በቀሩት ስምንት ሰዓታት ሙሉ ጋዝ ከ5 ደቂቃ በላይ አያቆዩ።

ከዚያ ሙሉ ጋዝ ሰጥተው፣ ጀልባው እንደተለመደው ተጭኖ፣ ዙሩን ይለኩ። ማኑዋሉ ከሚለው ዝቅ ካለ ስህተቱ ከእድሳቱ ላይሆን ይችላል። በከፍታ ላይ ጉልበት ስለሚቀንስ ለባሕር የተሰጠው ፕሮፔለር ይከብደዋል። ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት) በአንድ ኢንች መቀነስ በደቂቃ 200 ያህል ዙር ይመልሳል።