የድሮ ሞተርህ ከኋላ ቁጭ ካለብህ፣ ሞላውን ከመክሰስህ በፊት

ባሕር ዳር ገበያ አካባቢ ትንሽ ቆም ብትል ታየዋለህ፦ የድሮ ሆንዳ ወይም ያማሃ፣ ከኋላ ጆንያ ታስሮበት፣ ፊቱን ቀና አድርጎ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ። ባለቤቱን ብትጠይቀው «ሞላው ደክሟል» ይልሃል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጆንያው የት እንደታሰረ ነው።

ሜትር አምጣና ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለካ። 120 ሳንቲሜትር ሆነ እንበል። 30 ኪሎ የዘጌ ቡና ፖርቶ መጋላው (የኋላ ዕቃ መጫኛው) ላይ ጭነሃል፣ የጆንያው መሃል ደግሞ ከኋላው ጎማ መሃል 20 ሳንቲሜትር ወደኋላ አልፏል። የኋላው ጎማ ላይ የሚጨመረው 30 ሳይሆን 35 ኪሎ ነው። ትርፉን 5 ኪሎ ከፊት ጎማ ነው የወሰደው፤ ፊቱ በዚያው ልክ ስለቀለለ መሪው ይዋልላል፣ ቤዛዊት ዳገት ላይማ ይብስበታል። ያንኑ ጆንያ ከጎማው መሃል 20 ሳንቲሜትር ወደፊት ብታመጣው ኋላው ላይ 25 ብቻ ያርፋል፣ 5ቱን ፊቱ ይሸከማል። አንድ ብር አላወጣህም፣ ገመድ ፈትተህ አሰርክ፣ አለቀ። ቦታ ካጣህ ለሁለት ከፍለህ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርገህ እሰረው፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እንዳያቃጥለው ብቻ።

አሁን ወደ ሞላው። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁመህ፣ የኋላው ጎማ መሬት ሳይነካ፣ ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ላይ እስካለ አንድ ምልክት ለካ። ከዚያ አውርደው፣ ጭነቱ እንዳለ አንተም ተቀመጥበት፣ ጓደኛህ ደግሞ ያንኑ ይለካ፤ የሁለቱ ልኬት ልዩነት ሞተሩ የሰመጠው ነው። ባለ ሁለት አሞርዛተር (ሞላው የተጠመጠመበት፣ ንዝረቱን የሚያበርደው ዘንግ) የድሮ ሞተሮች የኋላ ጎማ እንቅስቃሴያቸው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶው፣ 3 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቢሰምጥ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሰመጠ አሞርዛተሩ ላይ ያለውን ባለ ደረጃ ቀለበት አንድ ደረጃ አጥብቅ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ቀለበቱ ሞተሩን ከፍ ያደርግልሃል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ወንበሩን በደንብ ተጭነህ ልቀቀው። አንዴ ተነስቶ ካረፈ ጥሩ፤ እንደ ዥዋዥዌ ከተመላለሰ የአሞርዛተሩ ዘይት አልቋል፣ ቀለበት ብታዞር አይድንም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ጉድጓድ ላይ አሁንም «ቋ» የሚል ከሆነ ሞላው በእውነት ደክሟል ወይም ጭነቱ በዝቷል። ስትቀይር ሁለቱንም ቀይር፣ አንዱን ብቻ የሚሸጥልህ ካለ እለፈው።