የእናት መከላከያና የወሎ ጥጃ፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የእስያ ግልገል ዝሆኖችን ምልክቱ በታየ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሚገድል የሄርፒስ ቫይረስ አለ። በአብዛኛው የሚገድለው ከ1 እስከ 8 ዓመት ያሉትን ነው። ትልልቆቹ ቫይረሱን በሰውነታቸው ይዘው ስለሚኖሩ የራሳቸው መከላከያ አላቸው። አራሱም ከእናቱ የወረሰው አለው። ችግሩ መሃል ላይ ነው፤ የእናቱ ሲያልቅ፣ የራሱ ገና ሳይደርስ። ኩታበር ወይም ወረኢሉ ዝሆን የለም። ይህ ክፍተት ግን በየጋጣችን አለ።

"የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ ጥጃው አይጥባ"

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ላሟ ወልዳ ጥጃዋን እየላሰች ነው። እሱ እየተንገዳገደ ጡት ይፈልጋል። ባለቤቱ ግን በገመድ ጎትተው ግድግዳ ሥር ያስሩታል። "ልጄ፣ እንገሩ ያስቀምጠዋል፤ ይውጣላትና ይጠባል" ይላሉ።

እዚህ ላይ ላም ከዝሆን ትለያለች። ዝሆን መከላከያዋን ገና በማህፀን ሳለ ለልጇ ታስተላልፋለች። የላም፣ የበግና የፍየል የእንግዴ ልጅ ግን አንቲቦዲ (በደም ውስጥ ያለውን በሽታ ተከላካይ) አያሳልፍም። ጥጃው ባዶ እጁን ነው የሚወለደው፤ ያለው ተስፋ እንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ደግሞ አንቲቦዲውን ወደ ደም የሚያስገባው ለ24 ሰዓት ያህል ነው፤ በደንብ የሚያስገባው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት። 20 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ጠዋት ተወልዶ ማታ የጠባ ጥጃ ዋናው ሰዓት አምልጦታል። እንዲያውም ጥጃው ሲጠባ የላሟ ማህፀን ስለሚኮማተር የእንግዴ ልጁም እንዲወጣ ያግዛል።

የተቀቀለ እንገር እንደሚጥም አውቃለሁ። ጥጃው ከጠገበ በኋላ የተረፈው ይቀቀል።

"ጤነኛ በግ ምን ያመጣል?"

ሰው ጣቱን የሚቀስረው እንግዳ ላይ ነው። ሰኞ ከባቲ ገበያ የተገዛው በሬ ይታማል፣ ወይም ቡዳ። ሄርፒስ ግን የቤት ልጅ ነው። ግልገል ዝሆንም ብዙ ጊዜ የሚይዘው አብሮት ከሚኖረው መንጋ ነው።

በጎች የራሳቸውን ሄርፒስ ይዘው ይኖራሉ፤ ምንም አይሆኑም። በተለይ ከ6 እስከ 9 ወር ያሉት ጠቦቶች በአፍንጫቸው ይረጩታል። ከብት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል፦ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ደመና የለበሰ ዓይን፣ ወፍራም ንፍጥ። የታመመ ከብት አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ለበሽታው ጥቅም ላይ ያለ ክትባት የለም። ደጋ ላይ በግና ከብት አንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውን አውቃለሁ፤ ብርዱም ቦታውም ያስገድዳል። ቢያንስ ገንዳቸውን ለዩት፣ መሃላቸው አጥር ይኑር።

ኦክሲ ለሁሉም

ኦክሲ የምንለው ኦክሲቴትራሳይክሊን አንቲባዮቲክ ነው። በአጭሩ፣ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ለዝሆኖቹ እንኳ የሚሰጠው የፀረ ቫይረስ መድኃኒትና ከትልልቅ ዝሆኖች የተወሰደ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ነው። እሱም በጊዜ ሲደርስ። ጭንቅላት አብጦ ምላስ ሐምራዊ እስኪሆን ከተጠበቀ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የግልገሎቹን ደም የሚመረምሩ መካነ እንስሳት ያሉት። እኛ ጋ ያ አቅም የለም። ጡት እምቢ ያለ ጥጃ ግን ለዓይን ይታያል፤ ያን ቀኑን ባለሙያ ጥሩ።

ቶሎ ማስከተብ

"ቶሎ ከተከተበ ይሻላል" የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ አይደለም። የእናት አንቲቦዲ ገና በደም ውስጥ ካለ ክትባቱንም ያከሽፈዋል። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ግልገሉ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው የሚመከረውም ለዚህ ነው። ቀድሞ ተከትቦ የታመመ ግልገል ሲኖር "ክትባቱ ውኃ ነው" ይባላል፤ ጥፋቱ ግን የወሩ ነው። ለዝሆኖቹም ቢሆን በ2024 አሜሪካ፣ ሂውስተን መካነ እንስሳት የመጀመሪያውን የኤምአርኤንኤ ክትባት የወሰደችው ግልገል ሳትሆን የ40 ዓመቷ ቴስ ናት።

ታዲያ ግልገሉ ስንት ወሩ ነው? ስትጠይቁ "ከአረፋ በኋላ ነው የተወለደው" ትባላላችሁ። አብሽሩ፣ መልሱ ደስ ይላል። ግን አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ የዘንድሮው ይሁን የአምናው የሚያስታውስም ይጠፋል። ቀኑን በጋጣው በር ላይ በከሰል ጻፉት፤ ከታቢው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።