ዋየርጋርድ ይገናኛል፣ ትልቅ ፋይል ግን አያልፍም
ሱሉልታ ካለ ቢሮ ፍራንክፈርት ወዳለ ሰርቨር በዋየርጋርድ ፕሮግራም የተዘረጋ ቪፒኤን (የተመሰጠረ መስመር)፤ ሃንድሼኩ (ሁለቱ ጫፎች መጀመሪያ የሚተዋወቁበት ልውውጥ) ይሳካል፣ ፒንግም ይመልሳል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ቀጥ ይላል።

ቁልፎቹን እንደ አዲስ ማመንጨት አልረዳም። ፖርቱን ከ51820 ወደ 443 መቀየርም እንደዚያው። ፋየርዎል ማጥፋትማ ሰርቨሩን ማጋለጥ ብቻ ነው፣ አይሞከር።

የሠራው፦ ቪፒኤኑን አጥፍቶ፣ ፓኬቱ (በአንዴ የሚላከው የዳታ ቁራጭ) እንዳይቆራረጥ አዝዞ፣ መጠኑን እየቀነሱ ሰርቨሩን ፒንግ ማድረግ። 1372 አለፈ፣ 1373 ቀረ። 28 የሄደር (ከዳታው ፊት የሚቀጠል የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ) ባይት ሲደመርበት 1400 ይመጣል። ዋየርጋርድ በአይፒቪ4 ላይ 60 ባይት ስለሚወስድ ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) ከ1420 ወደ 1340 ወረደ፣ በሁለቱም ጫፍ። ከራውተሩ ጀርባ ላሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ ኤምኤስኤስ (በአንድ የቲሲፒ ፓኬት የሚጫነው ዳታ ጣሪያ) 1300 ላይ ተገደበ። መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል «ፓኬቱ ትልቅ ነው» የሚለውን የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ስህተት ማሳወቂያ) መልእክት ሲውጠው ላኪው ምንም አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል።