አንድ የፕሮፐርቲስ ፓነል ለሦስት ኤዲተር፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዳማ ወጣ ሲባል ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ከሩቅ ይታያሉ። አዳማ 1 ላይ 34፣ አዳማ 2 ላይ 102 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት። እኔና ጓደኛዬ በኢክሊፕስ (የፕሮግራም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) ሞዴል መሥራት ስንለማመድ የመረጥነው እነሱን ነው። ሞዴሉ ቀላል ነው፦ ጣቢያ፣ ተርባይን፣ መስመር። የምንከፍተው ግን በሦስት ኤዲተር ነበር። አንዱ ኢኤምኤፍ (የኢክሊፕስ የሞዴል መሥሪያ) ራሱ የሚያመነጨው የዛፍ ኤዲተር ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የሲሪየስ ዲያግራምና የሲሪየስ ሠንጠረዥ ናቸው፤ ሲሪየስ ሞዴልን በሥዕልና በሠንጠረዥ የሚያሳይ የኢክሊፕስ መሣሪያ ነው። ተርባይኑ የትም ይመረጥ የት፣ ከታች ያው የራሳችን ፕሮፐርቲስ ፓነል፣ ማለትም የተመረጠውን ነገር መረጃ የሚያሳይና የሚያስተካክል ገጽ፣ እንዲወጣ ፈለግን። እዚያ ለመድረስ ብዙ ቀን ፈጀብን። እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ፓነሉን ከአንዱ ኤዲተር ጋር አንድ ፕለጊን (ኢክሊፕስ ላይ የሚጨመር ክፍል) ውስጥ መክተት

መጀመሪያ የሠራነው ዲያግራሙን ስለነበር ፓነሉንም እዚያው ጻፍነው። ከዚያ ለዛፉ ኤዲተር ስንፈልገው ኮዱን ኮፒ አደረግን። በሳምንቱ ሁለቱ ተለያዩ፤ አንዱ ላይ ያረምነው ሌላው ላይ ቀረ። ፓነሉ የራሱ ፕለጊን ይኑረው። ያ ፕለጊን ሞዴሉን ብቻ ይወቅ። የትኛውም ኤዲተር ስሙ እዚያ ውስጥ ባይጠራ ይሻላል።

የተመረጠው ነገር ሁሌም የሞዴሉ ዕቃ ነው ብሎ ማሰብ

ይሄኛው ትልቁ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በዛፉ ኤዲተር ተርባይን ስትመርጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣላችሁ ራሱ ተርባይኑ ነው። በዲያግራም ግን የሚመጣው ሥዕሉን የሚቆጣጠረው ኤዲት ፓርት ነው። ከኤዲት ፓርቱ ሥር የጂኤምኤፍ (ሲሪየስ ዲያግራም የሚሠራበት መሠረት) ቪው አለ። ከቪው ሥር ሲሪየስ ለሥዕሉ የፈጠረው የራሱ ዕቃ አለ። ተርባይኑ የሚገኘው የዚያ ዕቃ ታርጌት (ወደ ሞዴሉ የሚጠቁመው መስክ) ላይ ነው። በሠንጠረዡም ቢሆን እጃችሁ የሚገባው ረድፉ ወይም ሕዋሱ ነው፤ ተርባይኑ ከጀርባው ነው።

መፍትሔው አንድ ፈቺ ክላስ መጻፍ ነው። የተመረጠውን ይቀበላል፣ ልባሱን አንድ በአንድ ይገልጣል፣ ተርባይኑን ይመልሳል። አላገኘም? ባዶ ይመልስ።

እኛን ያሰናከለን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ታይፕ ማፐር (የተመረጠው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ለፓነሉ የሚናገር ክላስ) የሚባለውን ስንጽፍ የፓነሉ ታብ ዲያግራሙ ላይ ወጣ፤ ደስ አለን። ሣጥኖቹ ግን ባዶ ነበሩ። ለካ ታይፕ ማፐር የሚወስነው ታቡ ይታይ አይታይ የሚለውን ብቻ ነው። ሴክሽኑ (ታቡ ውስጥ ሣጥኖቹን የያዘው ክፍል) የሚቀበለው አሁንም ያልተፈታውን ኤዲት ፓርት ነው። ስለዚህ ያንኑ ፈቺ ሁለቱም ቦታ ጥሩት።

ታቡ የሚያያዘው ከሞዴሉ ጋር ነው ብሎ መገመት

በኢክሊፕስ ባለታብ ፕሮፐርቲስ፣ ታቦችና ሴክሽኖች የሚመዘገቡት በኮንትሪቢዩተር (የታቦቹ ባለቤት) መለያ ሥር ነው። መለያውን የሚናገረው ደግሞ ኤዲተሩ ነው። ኤዲተሩ የእናንተ ከሆነ የጋራ መለያ ስጡት። የፕሮፐርቲስ ገጽ ሲጠየቅም ባለታቡን ገጽ መመለሱን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ተራው ባለሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ይወጣላችኋል። ኤዲተሩ የሌላ ሰው ከሆነ መለያውን አትቀይሩትም። ያኔ በፕለጊን ኤክስኤምኤሉ (የፕለጊኑ መመዝገቢያ ፋይል plugin.xml) ውስጥ ያንኑ ታብና ሴክሽን በእሱ መለያ ሥር ድገሙት። የሚደገመው ምዝገባው እንጂ የጃቫ ክላሱ አይደለም፤ ይህን ያህል ድግግሞሽ አይጎዳም። የታቡ ምድብ ኮንትሪቢዩተሩ ዘንድ የተመዘገበ መሆኑንም እዩ። ካልሆነ ታቡ አይወጣም፤ ምክንያቱን የምታገኙት ኤረር ሎጉ ውስጥ ነው።

ሞዴሉን በቀጥታ መቀየር

ሴክሽኑ ውስጥ የተርባይኑን አቅም በኮድ በቀጥታ ቀየርነው። በዛፉ ኤዲተር ሠራ፤ ቢያንስ የሠራ መሰለን። ግን መመለሻው (Undo) አይሠራም፤ ኤዲተሩም ፋይሉ መቀየሩን አላወቀም። ዲያግራሙ ላይ ግን ወዲያው ኤክሴፕሽን ወረወረ፤ እዚያ ትራንዛክሽን (ለውጦችን በአንድ ጥቅል የሚይዝ) ሳይከፈት መጻፍ ክልክል ነው። ለሁለቱም የሚበጀው መንገድ አንድ ነው። ከተርባይኑ ተነስታችሁ ኤዲቲንግ ዶሜኑን (የሞዴሉን ለውጦች የሚያስተዳድረውን) ፈልጉ። ከዚያ የset ኮማንድ (ዋጋ የሚቀይር ትእዛዝ) ፍጠሩና በኮማንድ ስታኩ (ትእዛዞችን ለመመለስ በሚይዘው) በኩል አስኪዱት። ዶሜኑ ባለትራንዛክሽን ከሆነ ስታኩ ራሱ ትራንዛክሽኑን ይከፍታል። ፓነሉ የትኛው ኤዲተር ላይ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም።

ኮማንዱንም በየፊደሉ አትላኩ። ሰውየው ከሣጥኑ ሲወጣ ወይም ኢንተር ሲመታ ይበቃል። አለበለዚያ 1.5 ብሎ የጻፈ ሰው ለመመለስ ሦስቴ Undo ማለት አለበት።

አድማጩን ሳይነቅሉ መሄድ

ፓነሉ ለውጥ እንዲታየው ተርባይኑ ላይ አዳፕተር (ለውጥ የሚያዳምጥ ዕቃ) ትሰቅላላችሁ። ሰው ሌላ ተርባይን ሲመርጥ ሴክሽኑ አዲስ ግብዓት ይቀበላል፤ አሮጌው አዳፕተር ግን ካልነቀላችሁት እዚያው ነው። 136ቱን ተርባይኖች አንድ በአንድ የነካ ሰው 136 አዳፕተር ትቶ ይሄዳል። ፓነሉ ቀስ በቀስ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም የተዘጋ ሣጥን ላይ ለመጻፍ ሞክሮ ይወድቃል። አዲስ ግብዓት ሲመጣ መጀመሪያ አሮጌውን ንቀሉ። ሴክሽኑ ሲደበቅም ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲታይ መልሳችሁ ስቀሉና ሣጥኖቹን አድሱ። ሲዘጋ ደግሞ መነቀሉን አንዴ አረጋግጡ።

አሁን ለሙከራ እንዲህ አደርጋለሁ። ሦስቱንም ኤዲተሮች ጎን ለጎን እከፍታለሁ። ዛፉ ላይ የአንዱን ተርባይን ስም እቀይራለሁ። ከዚያ ዲያግራሙ ላይ ያንኑ ተርባይን ነክቼ ፓነሉን አያለሁ። አዲሱ ስም ካልወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ኤዲተሮች ፋይሉን በተለያየ ሪሶርስ ሴት (resource set፣ የተከፈቱ ፋይሎች ስብስብ) ከፍተውታል ማለት ነው። ያ የፓነሉ ጥፋት አይደለም፤ እዚያ ላይ ሰዓት አታባክኑ። ኤዲተሮቹ አንድ ሴሽን (ሲሪየስ ሞዴሉን ከፍቶ የሚይዝበት) ወይም አንድ ኤዲቲንግ ዶሜን እንዲጋሩ አድርጉና ደግማችሁ ሞክሩ።