የተተከለ ኩላሊት የደም ውጤት ሲያስደነግጥ፦ ችግርና መፍትሄ

ወንድሜ ድሬዳዋ ውስጥ በእኔ ኩላሊት ይኖራል። የደም ውጤቶቹን በደብተር የምይዘውም እኔው ነኝ። እዚህ የጻፍኩት ከዚያ ደብተርና ሐኪሞቹ በትዕግሥት ካስረዱን ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥብቅ፦ ወረቀት ላይ ያዩትን ቁጥር ይዘው በራስዎ ሥልጣን ክኒን አይቀንሱ፣ አይጨምሩ።

ክሬቲኒን ከ1.3 ወደ 115 ዘለለ

ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኩላሊቱ ደክሟል ተብሎ ይፈራል። አንድ ቀን ከለመድነው ላቦራቶሪ ሌላ ዘንድ ሄደን ውጤቱን ተቀበልን። ወንድሜ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ወረቀቱን ገለጠና «እታለም፣ አለቀልኝ» አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ኩላሊቱ ግን ምንም አልሆነም ነበር፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። አንዱ ቤት በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በማይክሮሞል በሊትር። የመጀመሪያው በ88.4 ሲባዛ ሁለተኛው ይገኛል፤ 1.3 ማለት 115 ገደማ ነው። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን መለኪያ ያንብቡ፤ ከተቻለም ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይመላለሱ።

ክሬቲኒን ከለመደው ከፍ አለ

የሚያነጻጽሩት ከራስዎ የቆየ ቁጥር ጋር እንጂ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከታተመው ጋር አይደለም። 1.2 የለመደ ሰው 1.5 ካየ ሩብ ያህል ጨምሯል፤ በዚያው ቀን ንቅለ ተከላውን ወደሚከታተለው ክፍል መደወል አለበት።

በእኛ ከተማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀቱን ነው። በግንቦትና በሰኔ ላብ ሳይታወቅ ውሃውን ይጨርሰዋል፤ ሽንት ይጠቁራል፣ ክሬቲኒን ከፍ ይላል። ተቅማጥም እንደዚሁ ነው። ረመዳንን ወይም ሌላ ጾም ለመጾም ያሰበ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የውሃው ብቻ ሳይሆን የክኒኑ የ12 ሰዓት ልዩነትም ይዛባልና። ቀጥሎ የማየው የመድኃኒት ከረጢቱን ነው። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የተገዛ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለተተከለ ኩላሊት ጠላት ነው። ኮትሪሞክሳዞል ደግሞ ኩላሊቱን ሳይጎዳም ክሬቲኒን በሽንት እንዳይወጣ በማገድ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን ከኢንፌክሽን መከላከያ ሆኖ የታዘዘ ስለሆነ በራስዎ አያቋርጡት። ከምርመራው በፊት ባለው ምሽት በብዛት የተበላ የበሰለ ሥጋም ቁጥሩን ለጊዜው ይገፋዋል።

እነዚህ ምክንያቶች ስላሉ ግን «ውሃ ጠጥቼ ልየው» ብሎ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋው ብዙ ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም የለውም። ሐኪሙ ደሙን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያስደግማል፤ የሽንት ፕሮቲን፣ አልትራሳውንድ፣ የታክሮሊመስ (ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይዋጋ በየ12 ሰዓቱ የሚዋጠው ክኒን) መጠንና የቢኬ ቫይረስ (የተተከለ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል ቫይረስ) ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ካልጠራም በመርፌ ከኩላሊቱ ናሙና ይወሰዳል። ክሬቲኒን ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው። በሌሎች አገሮች ከዚህ ቀድሞ የሚጠቁም ምርመራ በሥራ ላይ ውሏል፤ ከተጎዳው ኩላሊት ወደ ደም የሚገባውን የለጋሹን የዘረመል ቁርጥራጭ ይለካል። በወንድሜ ደም ውስጥ የእኔ ዘረመል እየተቆጠረ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ታክሮሊመስ በጣም ከፍ አለ

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ክኒኑን ውጠህ ነው የመጣኸው?» የሚለው ነው። ደሙ መቀዳት ያለበት ከጠዋቱ ክኒን በፊት፣ ከምሽቱ ክኒን 12 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ማታ 2 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክኒኑን በኪሱ ይዞ ይቀርባል፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይውጣል። ይህ ከተሳሳተ ቁጥሩ ያለጥፋቱ ይከሰሳል፣ መጠኑም ያለምክንያት ይቀነሳል።

ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ተቅማጥን፣ ግሬፕፍሩትን፣ እንደ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ያሉ መድኃኒቶችን ይፈትሹ፤ ሁሉም መጠኑን ከፍ ያደርጋሉ። ወንድሜ አንድ ሰሞን የቡና ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ ሰምቼ እጁን ሳየው ይንቀጠቀጥ ነበር። ውጤቱ ሲመጣም መድኃኒቱ በዝቶ ተገኘ።

ታክሮሊመስ ዝቅ አለ

ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በጣም ይቀንሱታል። የቲቢ ሕክምና ሊጀምሩ ከሆነ ሁለቱ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይነጋገሩ። ከዚያ ውጪ የተረሳ ክኒን አለ። በእኛ አካባቢ የምሽቱ ክኒን ብዙ ጊዜ የሚረሳው በርጫ ላይ ነው፤ ይህን ለሐኪም መደበቅ ኩላሊቱን ያስከፍላል። የስልክ ደወል ሞልተን ችግሩ ቀርቶልናል።

ፖታሲየም ከፍ አለ

ፖታሲየም በደም ውስጥ ያለ ማዕድን ነው፤ ሲበዛ ልብን ያውካል። ታክሮሊመስና ኮትሪሞክሳዞል ሁለቱም ይጨምሩታል። ሙዝ፣ ብርቱካንና ፓፓያ በብዛት ሲበሉም ከፍ ይላል። የውሸት ከፍታም አለ፦ ደሙ ሲቀዳ እጅ ደጋግሞ ከተጨበጠ ወይም ናሙናው የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ተንጦ ሕዋሳቱ ከፈነዱ። ናሙናው ደህና እንደነበር ላቦራቶሪውን ይጠይቁ፣ ምርመራውም በዚያው ቀን ይደገም። ከ6 ሚሊሞል በሊትር በላይ ከሆነ፣ ወይም ልብ ያለ ወትሮው ቢመታ ወይም ጡንቻ ቢዝል፣ ድጋሚውን ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደው የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሡ።

ስልክ ሲደውሉ እነዚህ አምስት ነገሮች እጅዎ ላይ ይኑሩ፦ የቀድሞውና የአሁኑ ቁጥር፣ የመጨረሻው ክኒን ሰዓት፣ አዲስ የጀመሩት መድኃኒት፣ የሽንቱ መጠን፣ የዕለቱ የደም ግፊት።